የቤዎቱክ ሕዝብ ምን ሆነ?

ዛሬ የምናነበው ከኛ በጣም ርቆ ይኖር ስለነበረ ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ቤዎቱክ ይባላል። አገሩ ኒውፋውንድላንድ የምትባል ትልቅ ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ነው። ደሴቲቱ ዛሬ የካናዳ ግዛት ናት። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቤዎቱኮች አራሾች አልነበሩም። በሙቀት ወራት ባሕሩ ዳር ወርደው ዓሣ ያጠምዱ፣ የወፍ እንቁላል ይለቅሙ ነበር። ብርድ ሲገባና በረዶ ሲጥል ወደ መሀል አገር ገብተው አጋዘን የመሰለ የዱር እንስሳ ያድኑ ነበር። ታንኳቸውንም ቤታቸውንም በዛፍ ቅርፊት ይሠሩ ነበር። ሰውነታቸውንና ዕቃቸውን ቀይ አፈር ይቀቡ ነበር።

ከ1497 ወዲህ የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች እየበዙ መጡ። መጀመሪያ አጥምደው ይመለሱ ነበር። ቤዎቱኮችም የተጣለ ምስማር እየለቀሙ፣ ቀጥቅጠው የፍላጻ ጫፍ ያደርጉት ነበር። በኋላ ግን ፈረንጆቹ እዚያው ሰፈሩ። የባሕሩን ዳርና ዓሣ የሚወጣበትን የወንዝ አፍ ያዙ። ጠብ ተነሣ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ጠመንጃ የነበረው ግን አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ታዲያ ቤዎቱኮች ወዴት ይሂዱ? ደሴት ነው፤ መሸሻ የለም። መሀል አገር ገብተው ቀሩ። እዚያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ምግብ የለም። ረኃብ ገባ። የሳንባ ነቀርሳም ተጨመረበት።

በ1819 ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ደማስድዊት የምትባል እመጫት ማርከው ወሰዱ። ባሏ ኖኖስባውሱት ሊያስጥላት ቢሞክር ገደሉት። ያለ እናት የቀረው ሕፃን ወዲያው ሞተ። እሷም በ1820 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በግድያው የተቀጣ ሰው የለም።

በ1823 ሻናውዲቲት የተባለች ወጣት ከእናቷና ከእህቷ ጋር በረኃብ ተዳክመው በሰፋሪዎች እጅ ወደቁ። እናትና እህቷ ብዙ አልቆዩም፤ ሞቱ። እሷ በሰው ቤት ገረድ ሆና ኖረች። በኋላ አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጣት። ሐይቁን፣ ቤቶቹን፣ ደማስድዊት የተያዘችበትን ቦታ ሣለች። የቋንቋዋንም ቃላት ተናገረች፤ ተጻፈላት። በ1829 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከታወቁት ቤዎቱኮች የመጨረሻዋ እሷ ናት።

የደማስድዊትና የባሏ የራስ ቅል ከመቃብር ወጥቶ ስኮትላንድ ተወስዶ ነበር። ወደ ደሴቲቱ የተመለሰው በ2020 ነው። ዛሬ በደሴቲቱ የሚኖሩት ሚክማክ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ግን፣ «የቤዎቱክ ደም በኛ ውስጥ አለ» ይላሉ።

ከዚያ ቋንቋ ዛሬ የቀረው ጥቂት መቶ ቃል ነው። ሕዝቡ ስለ ራሱ የነገረንም በሻናውዲቲት ሥዕሎች ነው። ወረቀት ቀጭን ነገር ነው፤ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

እንወያይ፦
1. ቤዎቱኮችን የጨረሰው ጠመንጃ ብቻ ነው? የባሕሩ ዳር መያዝስ ምን አደረገ?
2. ሻናውዲቲት ባትሥል ኖሮ የሕዝቧን ነገር ማን ይነግረን ነበር?