«ሆት» ማለት ትኩስ ብቻ ነውን?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ኮኪት የወረድን ሰልጣኞች «ሆት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በሚገባ የምናውቅ መስሎን ነበር። መተማ ወረዳ ውስጥ ሆኖ ይህን ማስተማር ምን ይከብዳል? በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ ማስረጃው ከቆርቆሮው ጣራ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሆት ማለት ትኩስ» ብለን ጻፍን፤ ልጆቹም ቀዱ።

በማግስቱ አንድ ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ምን ሆንክ ብንለው በተማረው ቃል «አይ አም ሆት» አለን። ሳቅን። «ኮኪት ላይ የማይሞቀው ማን አለ?» አልን። ልጁን ግን አተኩሶት ነበር፤ ወባ ባለበት አገር ደግሞ ትኩሳት አያስቅም። ትኩስ «ሆት» ከተባለ፣ ትኩሳት ያለበትም «ሆት» ነው ብሎ ማሰቡ ምን ያስወቅሰዋል? እንግሊዝኛው ለዚህ «ፊቨር» የሚል ቃል እንዳለው ያልነገርነው እኛ ነን።

ነገሩን ስናብላላው አማርኛችን ለአንዱ «ሆት» ስንት ቃል እንዳለው አየን። ሻዩ ትኩስ፣ ውሃው ሙቅ፣ አየሩ ሞቃት፣ ምጣዱ የጋለ፣ ሚጥሚጣው የሚያቃጥል ነው። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ሆት» ይላል። በአንጻሩ አሁን የታረደ ሥጋ ለእኛ ትኩስ ሲሆን ለእነሱ «ፍሬሽ» ነው። ጠላ ጠጥቶ ሞቅ ያለውን ሰው «ሆት» ብንለውማ ሌላ ጣጣ ነው!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለጀማሪ አንድ ፍቺ ይበቃል፤ ሌላው ያደናግረዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሁሉን ባንዴ ማፍሰስ አይገባም። ነገር ግን አንዱም ፍቺ ቢሆን ከነዓረፍተ ነገሩ ይሰጥ እንላለን። የሻይ ብርጭቆ እየዳሰሰ «ዘ ቲ ኢዝ ሆት» ያለ ልጅ ቃሉን ከነቦታው ይይዛል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል አንስቶ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። እኛ ሰሌዳ ላይ ያሰፈርነውን «ይህ ማለት ያ ነው» ልጁ ተሸክሞት ወደ ፊዚክስና ወደ ባዮሎጂ መጽሐፉ ይገባል።

መምህራኖቻችን በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብ በዚሁ ሰሌዳ ብትለጥፉልን ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን ዴስክ ላይ የተደፋ ልጅ ስናገኝ እንግሊዝኛው ይቆየን። በአማርኛ «ምን ሆንክ?» ብለን ግንባሩን መዳሰስ ይቀድማል።