ሰልጣኙን ተዉት፣ ገጹን መርምሩት

ስለ ዊኪፒዲያ በሚሰጡ ስልጠናዎች ላይ አንድ ሰበብ አይጠፋም፤ «ወጣቱ የማይጽፈው የመጻፍ ባህል ስለሌለው ነው» ይባላል። ይህን ወለጋ ላይ ቆሞ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አብረው ደክመዋል፤ ኋላም ነቀምቴ ገብተው አስተምረዋል።

ጥፋቱ ያለው መሣሪያው ላይ ነው። አንዲት የጉቶ ጊዳ ተማሪ ለኦሮምኛው ዊኪፒዲያ ስለ ከብት እርባታ ጽሑፍ አዘጋጀች እንበል። ፍየል በኦሮምኛ ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ሁዳ» የምትባል ትንሽ ጭረት አለችው። ጽሑፉን ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ከጻፈችው ፕሮግራሙ ቀጥ ያለችውን ጭረት በራሱ ያጎብጣታል። ዓይን ልዩነቱን አያስተውልም፤ ለዊኪፒዲያ ግን ሁለቱ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ስለ ፍየል የተጻፈ ገጽ ቢኖርም ወደዚያ የምትወስደው ማያያዣ ቀልታ ገጹ እንደሌለ ትነግራታለች። ፊደሏን አሥር ጊዜ ብታርመውም ስህተት አታገኝም፣ ምክንያቱም አልተሳሳተችም። በአማርኛውም «ነቀምት» እና «ነቀምቴ»ን አስቀድሞ ያገናኛቸው ሰው ከሌለ ሁለት የማይተዋወቁ ርዕሶች ናቸው።

ሌላም እንቅፋት አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲዘጉ ብዙ ሰው እገዳውን ለማለፍ ቪፒኤን ጫነ። ዊኪፒዲያ ደግሞ አጥፊዎችን ለመከላከል ሲል በቪፒኤን የሚገባውን ሰው ማንበብ ፈቅዶለት ማረም ይከለክለዋል። ቪፒኤኑን ማጥፋት የዘነጋ ጀማሪ የመጀመሪያ መስመሩን ሳያስቀምጥ መታገዱን ያነባል፤ ምን እንዳጠፋ ግን አያውቅም። ማንም ሰው ሊያርመው ይችላል የሚለው የዊኪፒዲያ ኩራት እዚህ ጋ ይሰበራል።

ነባር አርታዒዎች ይህን አያዩትም። ማያያዣ የሚሠራበትን ድርብ ቅንፍ እጃቸው ለምዶታል፤ የሚያስጨንቃቸውም የአጥፊዎች ነገር ነው። ስጋታቸው እውነት ነው፤ ግን ለእነሱ የሚመች አጥር ሁሉ ጀማሪው ላይ ሲከመር፣ ወጥቶ የቀረውን ሰው ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

የድረ ገጾችን የአጠቃቀም ምቹነት የሚያጠናው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አምስት ተጠቃሚዎችን በጥንቃቄ መመልከት የአንድን ገጽ አብዛኛውን ችግር ያወጣል። በስልጠናዎቹ ለአዳራሽና ለቲሸርት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ይዋል። ነቀምቴ ላይ አምስት ተማሪዎች በገዛ ስልካቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው አንድ አንቀጽ ይጻፉ። አሰልጣኙ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ አይምራ፣ አያርም፤ የቆሙበትን ቦታ ብቻ ይመዝግብ። መዝገቡም ለሰልጣኞቹ ሳይሆን ሶፍትዌሩን ለሚሠሩት ይላክ።