ስለ ሐይቁ የድንኳን ጉዞ ጥቂት አሳብ

የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ፣ በሚመጣው የጥር ዕረፍት ተማሪዎች ወደ ወሎ ሄደው በሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት በድንኳን እንዲያድሩ ያቀረበው አሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በምግብ ቤትም በመኝታ ክፍልም ሌላ ወሬ የለም። ከሚሰማው ክርክር አብዛኛው ስለ መዋጮው ነው። ስለ መዋጮው ገንዘብ ያዡ ይናገር። እኔ መልስ ልሰጥባቸው የምፈልገው ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ አንደኛው ከራሳችን ከተማሪዎች፣ ሁለተኛው ከአንዳንድ መምህራንና ከወላጆች የመጣ ነው። ከዚያም ስለ ሐይቁ ስለ ራሱ የምለው አለኝ፤ ኮሚቴው በጻፈው መርሐ ግብር ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁምና።

አንደኛው ተቃውሞ «በድንኳን ማደር የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ አልጋ ያለው ሰው ለምን ሜዳ ላይ ይተኛል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወንድሞቻችን «ከተማ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳገኙት ቢመረምሩ መልካም ነበር። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነው። ከተማ በመጀመሪያ ንጉሥና ሠራዊቱ ድንኳን የተከሉበት ቦታ እንጂ የድንጋይ ቤትና የአስፋልት መንገድ አልነበረም። እያንዳንዳችን «የት ሰፈር ነህ?» ተብለን ስንጠየቅ የምንመልሰው መልስ እንኳ ከድንኳን የወጣ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ከተማ ሲገልጽ ያየው በሸራ የተሠራ ከተማ ነው። የንጉሡ ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ የገበያው ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ሠራዊቱ በደረሰበት ሜዳ ሁሉ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚሰፍር መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ይኸው ቄስ ስለ ሐይቅና በውስጡ ስላለው ስለ እስጢፋኖስ ገዳም ጭምር ጽፏል።

ከሐይቅ ከተማ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ሲሄዱ በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል፣ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ እስከ ዐድዋ ያደረሰው ውል፣ በዚህ አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ንጉሡ ሰፍረው ሳሉ የተደረገ ነው። እንግዲህ በወሎ ምድር ድንኳን መትከል ከማንም የተዋስነው ነገር አይደለም። ከፈረንጅ የተዋስነው ነገር ቢኖር ድንኳን ተክሎ ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ማስጮህ ነው፤ እርሱንም የተዋስነው ከጥሩዎቹ ፈረንጆች አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ታድራለች ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የምጽፈው ሴት ተማሪ ነኝና ነገሩ በቀጥታ ይነካኛል። በሰሌዳው ላይ ከተመዘገቡት ስሞች መካከል የሴቶቹን ቁጥር ቆጥሬ ነበር፤ ቁጥሩን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። አንዳንዶቹ እኅቶቼ ስማቸውን ከጻፉ በኋላ ከቤት ደብዳቤ ወይም ስልክ መጥቶላቸው ሰርዘዋል። አንድ መምህርም በክፍል ውስጥ፣ ለሴቶቹ ሲባል ጉዞው ወደ አንድ ቀን ዝቅ ቢል እንደሚሻል ነግረውናል። በበጎ አሳብ እንደ ተናገሩት አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዞው ለእኛ ሲባል ቢያጥር፣ ወንዶቹ በልባቸው «ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ» ማለታቸው አይቀርም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማንም አይጠራንም።

ለወላጆቻችን ግን ጥያቄ አለኝ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከየአገሩ ወደ አምባሰል ይወጣል። ከነዚህ ምእመናን እኩሌታው ሴቶች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እናቶቻችን፣ አክስቶቻችን፣ የጎረቤት ልጆች በሸራና በፕላስቲክ ሥር፣ አንዳንዶቹም ያለ ምንም መጠለያ፣ በዚያ አምባ ብርድ ያድራሉ። በማግስቱ ፀበልና እምነት ይዘው ሲመለሱ «በሜዳ አደርሽ ወይ?» ብሎ የሚወቅሳቸው የለም፤ ይልቁንም እጃቸው ይሳማል። እንግዲህ ችግሩ ድንኳኑ አይደለም፤ ሜዳውም አይደለም። ችግሩ ግሸን ላይ ያለው ሥርዓት በእኛ ዘንድ ይኖራል ተብሎ አለመታመኑ ነው። ይህን እምነት ማግኘት የሚቻለው ሴቶቹን በማስቀረት ሳይሆን ሥርዓቱን በመሥራት ነው፤ የሴቶች ድንኳን ለብቻ፣ በየድንኳኑ በራሳቸው በሴቶቹ የተመረጠች አለቃ፣ ሌሊቱን በተራ የሚጠብቁ፣ ከመምህራንም ቢያንስ አንዲት መምህርት። ይህ ተጽፎ ለወላጆች ቢላክ፣ ስማቸውን የሰረዙት እኅቶቻችን ሁሉ ባይሆኑ ብዙዎቹ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ውሃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዋና የማያውቅ ወንድም ይህን ቁጥር ደግሞ ቢያነበው አይጎዳውም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሐይቁ መውጫ የለውም። የአንቀርቀሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጣና ዓባይ አለው፤ ገባሮቹ ካመጡለት ቆሻሻ ጥቂቱን እንኳ ዓባይ ይወስድለታል፤ እንደዚያም ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ያደረሰበትን አይተናል። ሐይቅ ግን የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ሳሙናውንና እዳሪውን ትታ ትሄዳለች።

ስለዚህ 80 ተማሪዎች ሦስት ቀን ልብሳቸውን፣ ሰውነታቸውንና ድስታቸውን በሐይቁ ዳር በኦሞና በሳሙና ቢያጥቡ፣ ያ ሁሉ አረፋ ወደ የትም አይሄድም። ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነው ነገር በውሃ ውስጥም ማዳበሪያ ነው፤ አረንጓዴውን ዝቃጭ ያበዛል፤ ዝቃጩ ሲሞትና ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይበላበታል። በሐይቁ ያለው ቆሮሶ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዛሬ ግን በርሱ የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ። «የኛ 80 ሰው ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። እኛ ብቻ ብንሆን ምንም ላናመጣ እንችላለን። ነገር ግን ቦታው ውብ ነው፤ ከእኛ በኋላ ሌላ ግቢ ይመጣል፤ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል፤ ከዚያ ሠርገኛው። ሁሉም የሚያደርገው ቀድሞ የመጣው ሲያደርግ ያየውን ነው።

በመርሐ ግብሩ ውስጥ እንዲጨመር የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። መጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃው ቢያንስ 100 እርምጃ ርቆ ይቆፈር፤ ስንነሣም በአፈር ይደፈን። ውሃ በጀሪካን እየተቀዳ ማጠቢያው ከዳር ራቅ ብሎ ይሁን። ማገዶ ከአካባቢው ዛፍ አይቆረጥ፤ ከሰልና ቡታጋዝ ይዘን እንሂድ፤ የአምባሰል ተራራ ያለ እኛም መራቆቱ አልቀረለትም። ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ ሁሉ ተቆጥሮ ይመለስ። ገራባም ቆሻሻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለማን እንደ ጻፍኩት የሚያውቁ ያውቃሉ።

ስለ ምግብ አንድ ቃል። ኮሚቴው ሁለት በግ ለመግዛት አስቧል። ከእኛ መካከል ክርስቲያንም እስላምም አለ፤ የምንሄድበትም አገር ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ወሎ ነው። በጉን ማን ይባርከው የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሰፈሩ ለሁለት ድስት፣ ለሁለት እሳት ይከፈላል። ከዚህ ይልቅ ከዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ብንገዛ ማንም በማንም ማዕድ መቀመጥ ይችላል፤ ገንዘቡም በቦታው ላሉት ሰዎች ይገባል። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ትቼ፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ አለ እላለሁ።

ወደ ገዳሙ ልለፍ። መርሐ ግብሩ ሁለተኛውን ቀን ጠዋት «የሐይቅ እስጢፋኖስ ጉብኝት» ይላል። መጎብኘቱ ይገባል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው፤ መምህሩም ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ ነበረው። ግቢያችን ገና አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላው ስለ ዕድሜው የሚመካ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። መርሐ ግብሩ ሴቶቹ በዚያ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ አይናገርም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን እንድንጠብቅ የታሰበ ይመስለኛል።

የገዳሙ ሥርዓት ይለወጥ ብዬ አልጽፍም፤ ሥርዓቱ የባለቤቶቹ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ የሚያወራው አንድ ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ልዕልቲቱንና ወገኖችዋን ከነምድራቸው በውሃ አሰጠማቸው፤ ያች ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም ቀረ። ያ መሬት ገዳሙ ያለበት፣ ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ውሃው ቀንሶ ከየብስ የተያያዘው ስፍራ ነው ይላሉ። ይህን ሳስበው ፈገግ እላለሁ እንጂ አልቆጣም። የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ኮሚቴው አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ከገዳሙ አባቶች አንዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን መጥተው ስለ ጥንቱ ትምህርት ቤት ለሁላችንም እንዲነግሩን ይጠይቅ። ወንዶቹ ጠዋት ሲገቡ እኛ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ታንኳ ላይ እንሆናለን፤ ማን የተሻለውን ጠዋት እንዳሳለፈ ማታ እንተያያለን።

ስለ አገሩ ሰው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተማሪ ወደ ወሎ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቬርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች የወሎን ረኃብ አይተው ፎቶግራፉን በግቢው ውስጥ አሳይተዋል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪው ሊያስተምር ወደ ገጠር ሁሉ ተበተነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና አልፎ ሐይቅንም ደሴንም ነካ፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሸራ ሥር አደረ። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ድንኳን ሲተከል ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ሽርሽር ላይሆን ይችላል። ኮሚቴው ከሳምንታት በፊት ሁለት ሰው ልኮ ለቀበሌውና ለአገር ሽማግሌዎች ማን እንደ ሆንን፣ ስንት ቀን እንደምንቆይ፣ በማን መሬት እንደምንሰፍር ነግሮ ፈቃድ ይቀበል። የግጦሽ መሬት ከሆነ ዋጋው ይከፈል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ግን ማንም ይሂድ አልልም፤ ሽማግሌዎቹ «አትምጡ» ካሉ ጉዞው ይቅር፤ መዋጮውም ይመለስ።

የመጨረሻው ነገር ድንኳኑ ነው። ኮሚቴው ከአዲስ አበባ ትናንሽ የፈረንጅ ድንኳኖች ለመከራየት የጠየቀውን ዋጋ አይቼዋለሁ፤ መዋጮውን እጥፍ ያደረገው እርሱ ነው። በሐይቅ ከተማ እንደ ሌላው አገር ሁሉ እድር አለ፤ እድር ካለ ድንኳን አለ። አንድ የእድር ድንኳን ከነምሰሶውና ከነካስማው ሠላሳ ሰው በሰፊው ያስተኛል፤ ሁለቱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች ቢሆን ይበቃናል፤ ኪራዩም ለእድሩ ሣጥን ይገባል። ነገር ግን የእድር ድንኳን የለቅሶ ድንኳን ነው። እኛ በሰፈርንበት ሌሊት በከተማው ሰው ቢሞት ድንኳኑ ወዲያው ይፈለጋል። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ፣ በማንኛውም ሰዓት ጥሪ ቢመጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነቅለው፣ ተሸክመው ወስደው፣ በለቅሶው ቤት ደጃፍ ተክለው እንዲያስረክቡ የሚል ቃል ይግባበት። ሁላችንም ጋቢ ይዘን እንሄዳለን።