ስሙን ገልብጠው ያነበቡት ሰሌዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ አብሮን ያደገ አንድ ታዳጊ ስኬትቦርዱን በብብቱ ይዞ ወደ ግቢ ገባ። አልተሳፈረበትም፤ ይዞት ብቻ ነበር። በር ላይ ያገኙት ሰው «ዕቃህን ውጭ አኑር» ብለውት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር፤ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን መጫወቻ ሜዳ አይደለምና። የተነገረው ግን ሌላ ነው። «የዱርዬ ዕቃ ነው፤ መንፈስ አለበት» ተባለ። ልጁ ከበሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም።

እንግዲህ ስለ ሰሌዳው መነጋገር ግድ ሆነ።

ይህ ክስ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ናታስ ካውፓስ የተባለ፣ ቤተሰቡ ከሊትዌኒያ የመጣ የካሊፎርኒያ ልጅ በጎዳና ላይ ስኬቲንግ ስመ ጥር ሆነ፤ ስሙ የታተመባቸው ሰሌዳዎችም ገበያ ላይ ዋሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጦ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ሰይጣን» የሚለውን ቃል ይሰጣል። አንዳንድ አሜሪካውያን ወላጆች ይህን አግኝተው «የአጋንንት ሥራ ነው» ብለው ተነሡ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበር እኮ! ጠላትን በፊደል ቅደም ተከተል ውስጥ ሲፈልግ የሚውል ሰው ከፊቱ የቆመውን ልጅ የሚያይበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

ደግሞስ «የዱርዬ ዕቃ» የምንለው ነገር ከየት መጣ? በ1950ዎቹ ገደማ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ፣ በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ማዕበል በጠፋ ቀን ከአሮጌ የሮለር ጫማ ጎማ እየነቀሉ ከጣውላ ጋር አጋጠሙት። የብረቱ ጎማ፣ በኋላም የሸክላው፣ መሬት አይይዝም፤ ጠጠር ሲነካው ቀጥ ይልና ልጁን ወደ ፊት ይወረውረዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጨዋታው ሀገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ጉዳቱም በዛ፤ ብዙ ከተሞች ከለከሉት፤ ሞተም ተባለ። ያስነሣው ጎማ ነው። ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፖሊዩሪቴን ጎማ ለስኬትቦርድ አዋለ። ይህ ጎማ ለስለስ ያለ ነው፤ መሬት ይነክሳል፤ ጠጠሩንም አልፎ ይሄዳል። በ1976 እና በ1977 ደግሞ ካሊፎርኒያን ድርቅ መታት። መዋኛ ገንዳዎች ባዶ ቀሩ፤ ልጆቹም ገብተው በጎበጠው ግድግዳ ላይ ሽቅብ መጋለብ ጀመሩ። (የሰው አጥር ዘለው የገቡትን አላመሰግንም።) ዛሬ በየሀገሩ በኮንክሪት የሚሠሩት ጎድጓዳ የስኬት ሜዳዎች መልካቸውን የወረሱት ከዚያ ከደረቀ ገንዳ ነው። ታላላቆች የጣሉትን አንሥቶ ሥራ ላይ ያዋለ ልጅ በምን ሒሳብ ዱርዬ ይባላል?

«አደጋ አለው» ለሚሉኝ እሺ እላለሁ፤ አለው። ኖርዌይ ልጆች ይጎዳሉ ብላ ከ1978 እስከ 1989 ሽያጩንም መጋለቡንም በሕግ ከለከለች። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ልጆቹ ግን አልተዉትም፤ ከሰው ዓይን ተሸሽገው ቀጠሉ። ተሸሽጎ የሚወድቅን ልጅ ማን ያነሣዋል? ቆብና የጉልበት መከላከያ ግዙላቸው፤ ከመኪና መንገድ አውጧቸው፤ ይህን እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

የሚነቀፍ ነገርም አለ። ነጋዴው የራስ ቅልና አጽም ሥሎ አመፅን በጫማና በካናቴራ ይቸረችራል፤ ልጆቻችንም መልኩን ከነዋጋው ይገዛሉ። ይህን መንቀፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሰሌዳው ሥር የተሣለው ሥዕልና በሰሌዳው ላይ የቆመው ልጅ አንድ አይደሉም።

በፊላደልፊያ ከተማ ላቭ ፓርክ የሚባል አደባባይ አለ፤ በስኬቲንጉ ዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። ከተማው ጨዋታውን ሲከለክል አደባባዩን ያሰቡት የቀድሞው የከተማ ፕላን ኃላፊ ኤድመንድ ቤከን በ2002፣ በ92 ዓመታቸው፣ ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈዋቸው በስኬትቦርድ ላይ ወጡና ክልከላውን በመቃወም ጥቂት ተንሸራተቱ። አረጋውያኖቻችን ሰሌዳ ላይ ይውጡ አላልሁም! ለልጆች ብሎ እንዲህ የሚቆም ሽማግሌ ግን ያስቀናኛል።

በ2021 በቶኪዮው ኦሊምፒክ ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። ጃፓናዊቷ ሚሱጉ ኦካሞቶ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለወርቁ ከታጩት አንዷ ነበረች። በመጨረሻው ዙር ወደቀች፤ ሜዳሊያው አመለጣትና አራተኛ ሆና እያለቀሰች ወጣች። ተፎካካሪዎቿ ሮጠው አቀፏት፤ በትከሻቸውም ላይ አነሷት። በመዝሙር ውድድር የተሸነፈውን የሌላ አጥቢያ ክፍል እንዲህ ያነሣን ስንቶቻችን ነን? እኔ አላስታውስም፤ የማስታውሰው በዳኞቹ ላይ ያጉረመረምነውን ነው።

በከተማችን በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2016 ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞችና የሀገር ልጆች ኮንክሪት አቡክተው የስኬት ሜዳ ሠርተዋል። ሴቶች ልጆችም የራሳቸውን ቡድን መሥርተው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። አንድ ሰው ከመፍረዱ በፊት እዚያ ሄዶ አንድ ሰዓት ይቁም። አንድን ዝላይ ለመማር ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ፣ ማን ማንን እንደሚያነሣ ይቁጠር። አንዳንዱ ልጅ ማዕተቡን በአንገቱ አስሮ ነው የሚወድቀው።

ከበር የተመለሰውን ልጅ ቤት የሄደ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔም አልሄድሁም። የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ። በር ላይ የነበሩት አባትም አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ይቆየን።