«ወደ ቤት ይውሰዷቸው» ከተባለ በኋላ

ካንሰር መሰራጨቱ ሲታወቅ ወይም ኩላሊትና ልብ ክፉኛ ሲደክሙ፣ «ከእንግዲህ ወደ ቤት ይውሰዷቸው» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ተናጋሪው እኔው ነኝ። ቤተሰቡ የምርመራ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ፣ ታማሚውን ደግፎ ይወጣል። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ ማንን እንደሚጠራ ግን የነገረው የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማሳስባችሁ ስለዚህ ነው። ከዚያ በር ከመውጣታችሁ በፊት ታማሚያችሁን ከእንግዲህ የሚከታተለውን ባለሙያ ለዩ፤ ስሙንና ስልኩን ይዛችሁ ውጡ። በሽታውን ማዳን አልተቻለም ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን ማስታገስ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ ሰዎች ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ሆስፒስ ይባላል። ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከከፈቱ ወዲህ ሐሳቡ በዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውስጥ የሚያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

እኔ የምሠራው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ጊንጪ ነው። እዚህ ሆስፒስ የሚል ታፔላ አላየሁም። ስለዚህ «የትኛውን ልምረጥ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ሰው ሌላ መልክ አለው። የምትመርጡት ሕንፃ ሳይሆን ሰው ነው፤ መድኃኒቱን የሚጽፍ ሐኪም፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ፣ ሌሊት የሚያስታምም ዘመድ።

ከሁለት ዓመት በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንታቸው የገባ አንድ ገበሬ አባት በልጆቻቸው ታቅፈው መጡ። ልጆቹ በሬ ሸጠው አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሕመሙ ከወገባቸው አልፎ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። የዳይክሎፌናክ መርፌ አዘዝኩላቸው። በማግስቱ ተመለሱ፤ ያንኑ ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን አብራኝ የምትሠራ ነርስ ወደ ጎን ጠርታኝ፣ «ዶክተር፣ እኚህን አባት እስከ መቼ በመርፌ እናመላልሳቸዋለን?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሞርፊን ለመጻፍ ፈርቼ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ሞርፊን የተማርኩት መጠኑን ሳይሆን አደጋውን ይመስል ነበር። የሚዋጠው የሞርፊን ሽሮፕ ከሌላ ሆስፒታል ተፈልጎ መጣ። በሁለተኛው ሌሊት ተኙ። ከዚያ በኋላ የኖሩት ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ ግን በር ላይ ወንበር አስወጥተው ጤፋቸው ሲወቃ አይተዋል፣ ልጆቻቸውንም ስለ መሬታቸው የሚሉትን ብለዋል። ያባከንኳቸው ሦስት ቀናት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ስለዚህ ሐኪም ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ሕመሙ በፓራሲታሞልና በትራማዶል ካልታገሠ ሞርፊን ይጽፋሉ? ከየት እናገኛለን?» ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ ሁሉም ባለሙያ አይጽፈውም፣ ሁሉም ፋርማሲ አይኖረውም። ጠያቂ መሆናችሁ የሚያስቆጣው ሐኪም ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እኔንም ጭምር።

«ሱስ ያስይዛል» የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። በሐኪም ክትትል ለከባድ ሕመም የሚወሰድ ሞርፊን በእንዲህ ዓይነት ታማሚ ላይ ሱስ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። በትክክለኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ከጨመረም ሞትን አያፋጥንም። ሽሮፑ ዘወትር በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንቀላፋል፣ ያቅለሸልሻል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ድርቀቱ ግን አያልፍም። ስለዚህ ሞርፊን ጽፎ የሆድ ማለስለሻ ያልጻፈ ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም፤ አስታውሱት። ታማሚው ሊነቃ የማይችል ከሆነ ወይም ትንፋሹ እጅግ ከዘገየ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጡ ወዲያውኑ ደውሉ። መጠኑንም በራሳችሁ አትጨምሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ሌሊት ወይም እሑድ ቢብስ ለማን እንደውል?» የሚል ነው። አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ በክፍያ ነርስ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ከኋላቸው ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪም መኖሩን አረጋግጡ፣ ክፍያው በቀን ይሁን በጉብኝት በጽሑፍ ተቀበሉ። በየቀኑ ግሉኮስ ሰቅሎ ሒሳብ የሚቀበለውን ተጠንቀቁት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ምግብና ውኃ የማይፈልገው እየደከመ ስለሆነ ነው፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ እግርን ከማሳበጥና ሳንባን ከማጨናነቅ በቀር አይረዳም። ከንፈርን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይበልጣል። «ካልበላ ይሞትብናል» ብሎ በግድ ማጉረስም ትን ያስብላል።

ነርስ መቅጠር ለማይችለው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ አስታማሚው ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። እሷን ማን ያሳያት? ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ነርሷን «አሳዪን» በሏት። ታማሚውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አንሶላውን ሳይጎትቱ ማንሳት፣ አፍ ማጽዳት በግማሽ ሰዓት የሚለመድ ነው። የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቁስል ሽታ ብዙ እናቶችን ከሰው እንዲርቁ ያደርጋል። የሜትሮኒዳዞል እንክብል ተፈጭቶ በቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ሐኪማችሁን ስለዚህ ጠይቁ፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ያፍራሉ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቀድማችሁ አስተዋውቋት፤ ቤታችሁን የምታውቅ ባለሙያ ናት።

እድር የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። ለምን? በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አንዳንድ እድሮች ታማሚን ቤት ድረስ እየሄዱ ይረዱ እንደነበር እናውቃለን። ለድንኳንና ለወንበር የሚያዋጣ ሰው ለአንድ ጥሩ ፍራሽ፣ ለሳሙናና ለአስታማሚዋ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማዋጣት አያቅተውም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሱት።

ጸበል ወይም ጸሎት ቤት መውሰድ የምትፈልጉም መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሞርፊኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው የሚከብደው ለታማሚው መንገር ነው። ልጆች በሩ ላይ ይይዙኝና «ዶክተር፣ እንዳይነግሯቸው» ይሉኛል። ፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን አባባ ብዙውን ጊዜ ያውቃሉ፤ የማያውቁት እናንተ ማወቃችሁን ነው። እኔ አስቀድሜ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚፈልጉ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ የማይፈልጉም «ለልጄ ንገረው» ይላሉ። ሁለቱም መብታቸው ነው። ያልተነገራቸው አባት ዕዳቸውን ሳይከፍሉ፣ የተጣሉትን ሳይታረቁ ይሄዳሉ።

ሁሉንም ነገር ቤት ውስጥ መጠበቅ ግን አይገባም። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባ ሰው እግሩ በድንገት ከደነዘዘ ወይም ሽንቱ ከተያዘበት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ነርቭ ሲጫን የሚዘገየው ሰዓት መራመድን ያሳጣል። መፍሰሱን ያላቆመ ደምም እንዲሁ።

የሞርፊን ጠርሙሱን ልጆች በማይደርሱበት ሳጥን ውስጥ ቆልፉ። የሰጣችሁበትን ሰዓት በደብተር ጻፉ፤ አጠገቡም ሕመሙ በአምስት ጣት ስንት እንደሆነ ታማሚው ያሳያችሁን ቁጥር። ስትመጡ ያንን ደብተር ይዛችሁልኝ ኑ፤ ከአልጋው አጠገብ ያልነበርኩበትን ሌሊት የማየው በእሱ ነው። ከቀብሩ በኋላ የተረፈው ሽሮፕ ካለም ለጎረቤት ወገብ ሕመም አትስጡት፤ ወደ ወሰዳችሁበት ፋርማሲ መልሱት።