ከምርቃቱ በፊት

በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽምግልና የሚበረታው በተበዳዩ ላይ ነው። ይሉኝታ የሚይዘው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራው እሱ ነዋ! «አንተ ትሻላለህ፣ ተወው ለእግዚአብሔር» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል። በዳዩ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ደፍሮ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ይህን ማስታረቅ እንለዋለን፤ ክርስቲያናዊ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

በየሰፈሩ የምንሰማውን ልውሰድ። እህት ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት ገንዘብ ትልካለች። ወንድም እዚህ ቤቱን ያሠራል፤ ካርታው በእሱ ስም ይወጣል። ስትመለስ «የምን ቤት?» ትባላለች። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ምክሩ የታወቀ ነው፤ «ወንድምሽ እኮ ነው፤ እናትሽን አታስለቅሺ፤ ጾምም ሊገባ ነው፤ ይቅር በይው።» ጉልበት ተስሞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «እርቅ ደም ያድርቅ» ተብሎ ይለያያሉ። ካርታው ያው በወንድምየው ስም ነው።

ጌታ በተራራው ስብከት የሚያስተራርቁትን ብፁዓን ያላቸው በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ዝቅ ብሎ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበን ሰው ያስቆመዋል። ወንድሙ የተቀየመበት ነገር ትዝ ካለው መባውን ትቶ፣ ሄዶ ይታረቅ ይላል። ሂድ የተባለው የተቀየመው ሳይሆን ያስቀየመው ነው። በምዕራፍ 18 ደግሞ ተበዳዩም እንዲሄድ ታዟል፤ የሚሄደው ግን በደሉን ሊውጥ ሳይሆን ለብቻቸው ሆነው ጥፋቱን ሊነግረው ነው። ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይመለሳል። ነገሩ ይነገራል እንጂ አይዳፈንም።

ዘኬዎስ ዛፍ ላይ መውጣቱ ብዙ ይሰበካል፤ ከወረደ በኋላ ያደረገውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያለአግባብ የወሰድኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታ መዳን ለዚህ ቤት ሆኗል ያለው ይህን ካለ በኋላ ነው። የኢያሪኮን ሰዎች «እርሱት» ያላቸው የለም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አስታራቂዎች ሁሉ እኔን የምትገርመኝ አቢግያ ናት። ባሏ ናባል የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ ሰደዳቸው፤ ዳዊትም 400 ሰው አስታጥቆ ተነሣ። እሷ 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ የወይን ጠጅና አምስት የተሰናዱ በጎች፣ ሌላም ሌላም በአህያ አስጭና ሄዳ መንገድ ላይ አገኘችው። ዳዊት ፊት ስትወድቅ የባሏን ጥፋት አላድበሰበሰችም፤ ዳዊትንም በከንቱ ደም እንዳያፈስ አስጠነቀቀችው። ኃይለኛው እሱ ነበር፤ የሄደችውም ወደ እሱ ነው። ቤቷ ስትመለስ ናባል ሰክሮ ጠበቃት፤ እስኪነጋ ምንም አልነገረችውም። (ሰካራም ይዞ እርቅ የሚጀምር ሽማግሌ ግን ዛሬም አልጠፋም።)

አባቶቻችንም የእርቅ መንገድ አልጠፋቸውም። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ አንዱ በንዴት የተናገረውን ለሌላው አያደርሱም። በአማራው የደም እርቅም ሆነ በኦሮሞው ጉማ ካሳ አለ። ምርቃቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ምርቃቱን ይዘን ካሳውን ረሳነው።

«ይቅርታ እኮ በነፃ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ እህትየዋም ልቧን ከቂም ብታጸዳ ለራሷም ይበጃታል። ያ ግን በእሷና በአምላኳ መካከል ነው፤ የወንድሟን ዕዳ አይሰርዝም። ሚስቱን የሚደበድብ ባል «ሁለተኛ አይለምደኝም» ስላለ ብቻ ሴቲቱን ወደዚያው ቤት መመለስም ያው ነው። ሽማግሌው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ እዚያ የምታድረው እሷ ናት።

ለሽምግልና የተጠራችሁ ሁሉ፣ ከመመረቃችሁ በፊት የሐዋላውን ደረሰኝ ጠይቁ። ወንድምየውን «መቼ ትመልሳለህ?» በሉት። ቀኑን በወረቀት አስፍሩ፤ እናንተም ፈርሙበት።