ማዘርቦርዱን ለምን ትጥሉታላችሁ?

«ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው፤ ማዘርቦርዱም ሜሞሪውም አብሮ ይቀየር» የሚል ምክር ሰሞኑን ታትሞ አነበብኩ። ላሊበላ ሆኖ ጌም ለሚጫወት ወጣት ይህ ጎጂ ምክር ነው።

ጸሐፊው ኤኤም 4 የተባለውን የኤኤምዲ ሶኬት ዘንግተውታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢ 450 ማዘርቦርድ፣ ባዮሱ ከታደሰ፣ በ2022 የወጡትን ራይዘን 5 5600 እና ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3ዲ ይቀበላል። ሜሞሪውም ያው ዲዲአር 4 ነው። ወደ ኤኤም 5 የሚሻገር ግን ዲዲአር 5 ጭምር መግዛት ግድ ይለዋል። የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ይህን ሳያሰሉ «ሁሉንም ቀይሩ» ማለት በሰው ኪስ መፍረድ ነው።

ኢንቴል ላይ ክርክራቸው ያስኬዳል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. 8ኛው ትውልድ ሲወጣ የቀደሙት ማዘርቦርዶች አልተቀበሉትም።

ጨርሶ ያላነሱት መብራትን ነው። ባዮስ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ላሊበላ ውስጥ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ እንዳትሞክሩት! አሮጌውን ፕሮሰሰርም ዕድሳቱ ሳያልቅ አትንቀሉት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች የሳሳው አየር ሙቀት የማንሳት አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ባለ 65 ዋቱን 5600 ማቀዝቀዝ ባለ 105 ዋቱን 5800 ኤክስ 3ዲ ከማቀዝቀዝ ይቀላል። ከሁሉ በፊት ግን ጌሙን ከፍታችሁ ግራፊክስ ካርዱን ተመልከቱ፤ 100 በመቶ እየሠራ ከሆነ ፕሮሰሰር መቀየር እምብዛም አይጠቅማችሁም።